ፌዝ የለም

በካምፓላ ከተማ በአንድ የማኅበረሰብ ኮሌጅ የኤሌክትሮ መካኒካል ተማሪ ነኝ። የክፍሌ ልጆች አብዛኞቹ በዕድሜ ልጆቼ ሊሆኑ ስለሚችሉ «አንቲ መዲና» ይሉኛል። ከዚህ በፊት ናኪቩቦ ውስጥ በአንዲት ጠባብ የዲናሞ ጥቅለላ ቤት ስሠራ ኖርኩ። አሁን ቤቷ ተዘግታለች፤ አሠሪዬም አስተማሪዬም የነበሩት ጋሽ ሰዒድ ሥራ አቁመው ከልጃቸው ጋር ተቀምጠዋል።

ኮሌጅ እንደገባን የእንግሊዝኛ መምህራችን «ከዚህ በፊት የሠራችሁትን ሥራ በአንድ ገጽ ጻፉ» ብለው አዘዙን። የታዘዝኩትን በሰዓቱ ካላደረስኩ እንቅልፍ የማይወስደኝ ሰው ነኝና ጻፍኩ፤ ጥሩ ማርክም አገኘሁ። መምህሯ ግን ግርጌው ላይ «ታዲያ ከሥራው ምን ተማርሽ?» ብለው ጽፈውበት መለሱልኝ። ለዚህ የሚሆን እንግሊዝኛ አልነበረኝም። ቢኖረኝም አይበቃም ነበር፤ ነገሩ የተንጠለጠለው በአንድ የአማርኛ ቃል ላይ ነው። ስለዚህ መልሱን ቃሉን ለምታውቁት ለእናንተ በአማርኛ እጽፈዋለሁ።

ከኮምቦልቻ ወደ ካምፓላ የመጣሁት ከታላቅ ወንድሜ ጋር ነው። እሱ ጨርቅ ይነግዳል፤ እኔ ከሱቁ በስተጀርባ መጋረጃ እሰፋለሁ። አንድ ቀን የስፌት መኪናዬ ዲናሞ ጨሰና ቆመ። ወንድሜ «ከኋላ ባለው መንገድ የእኛ አገር ሰው አለ፣ ውሰጂለት» አለኝ። ተሸክሜ ሄድኩ። ጋሽ ሰዒድ የደሴ ሰው ናቸው፤ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው መሬት ተቀምጠው ነበር። ዲናሞዋን ተቀብለው ከፈቱና እንደ ምግብ አሸተቷት።

«መሽተት ስትጀምር አላቆምሽም» አሉኝ።

«አንድ መጋረጃ ቀርቶኝ ነበር።»

«መጋረጃው አለቀ?»

«አላለቀም።»

«እንግዲህ ሁለታችሁም ሳትጨርሱ ቀራችሁ» አሉና ሳቁ። ተቀምጬ ሲሠሩ አየሁ። የሚጠቀለለው ሽቦ ከፀጉር ብዙ አይወፍርም። አንዱ ጫፍ ሲያስቸግራቸው ሳያስቡት ወደ እኔ ዘረጉልኝ፤ መርፌ እንደምይዘው ያዝኩላቸው። ወንድሜ ሱቁን ሽጦ ወደ አገር ሲመለስ እኔ አልተመለስኩም። ጋሽ ሰዒድ ጋ ሄጄ ሥራ ጠየቅኋቸው። «እጅሽ አይቸኩልም፤ እሱ ይበቃኛል» አሉኝ።

የምከፈለው በየሥራው ነበር። ሥራ ካለ ሴንቴ፣ ማለት ገንዘብ፣ አለ፤ ከሌለ ቻፓቲ ቂጣ በሻይ። ስለ ክፍያ ከዚህ በላይ የምለው የለኝም። ስለ ሥራው ግን ብዙ አለኝ።

የተቃጠለ ዲናሞ ሲመጣ ጋሽ ሰዒድ ወዲያው አይፈቱትም። መጀመሪያ ዘንጉን በእጃቸው ቀስ ብለው እያዞሩ የካቻቢቴ ጫፍ ኩሽኔታው ላይ ያሳርፋሉ፤ እጀታውን ጆሯቸው ላይ ያደርጋሉ። «ምኑን ነው ያመመው?» ይላሉ፤ የሚጠይቁት ደንበኛውን ይሁን ዲናሞውን አይታወቅም። ከዚያ ይከፍቱትና ጥቁረቱን ያያሉ። ሁሉም ጥቅል እኩል ከከሰለ ከአቅሙ በላይ ሠርቷል ማለት ነው። ከፊሉ ከስሎ ከፊሉ እንደ አዲስ ካብረቀረቀ ሌላ ታሪክ አለው።

አሮጌው መዳብ ተቆርጦ ከመውጣቱ በፊት ዙሩ ይቆጠራል፣ ውፍረቱ ይለካል፣ አያያዙ ይሳላል። ከዚያ የብረቱ ቦዮች ወረቀት ይለብሳሉ። አዲሱ ሽቦ በእንጨት ቅርጽ ላይ ይጠቀለልና ጥቂት ጥቂት ክር እየተደረገ ወደ ቦዩ ይገባል። የምንገፋው በቀርከሃ ስንጥር ነው፤ በብረት ከገፋነው የሽቦው ልባስ ይላጣል። ልባሱ የተላጠ ሽቦ ጎረቤቱን ይነካና ዲናሞው ከነባለቤቱ ንዴት ተመልሶ ይመጣል። በመጨረሻ ቫርኒሽ አጠጥተን ውስጡ ትልቅ አምፖል በተሰቀለበት በርሜል እናደርቀዋለን።

ጋሽ ሰዒድ ሲጠቀልሉ አይናገሩም። ደንበኛ ቢመጣ የግራ እጃቸውን ጣት ያነሡለታል፤ ቆሞ ይጠብቃል። ቁጥሩ ከጠፋባቸው አይገምቱም። የጠቀለሉትን ሁሉ ፈትተው እንደገና ከአንድ ይጀምራሉ። አንዴ ደንበኛ ደጅ ቆሞ ሰዓቱን እያየ ነበርና «ጋሽ ሰዒድ፣ አንድ ሁለት ዙር ቢጎድል ማን ያውቃል?» አልኳቸው። የጠቀለሉትን መፍታት ጀመሩ። ሰውን ለማስደሰት መቸኮል የኔ ጠባይ ነው፤ እሳቸው ጋ ግን እሱ መንገድ አያስኬድም ነበር።

በቤቱ ውስጥ ሦስተኛው ሰው ያሲን ነበር። የጅማ ልጅ ነው፤ ከእኔ ጥቂት ያንሳል። ከባድ ዲናሞ የሚያነሳው፣ ቡሎን የሚፈታው፣ ደንበኛ ቤት ሄዶ የሚገጥመው እሱ ነው። አፉ ግን ከእጁ ይበልጥ ይሠራል። በሉጋንዳ ሲያወራ ሰው ይስቃል፣ በኦሮምኛ ሲያወራ ይስቃል፣ በአማርኛ ሲመጣ ጋሽ ሰዒድ ራሳቸው ፊታቸውን አዙረው ይስቃሉ።

አሁን ወደ ቃሉ ልምጣ። በሥራችን «ፌዝ» ማለት ኤሌክትሪክ ይዞ የሚመጣው ሽቦ ነው። ለቤት አንድ ይበቃል፤ ለወፍጮና ለትልልቅ ማሽን ሦስት ፌዝ ይገባል። በእናታችን ቋንቋ ደግሞ ፌዝ ምን እንደሆነ ማንም ያውቃል፤ ማሾፍ፣ መቀለድ። ያሲን በዚህ ቃል አይጠግብም ነበር። አዲስ ደንበኛ ሲመጣ፣ በተለይ ያገራችን ሰው ከሆነ፣ «ይግቡ፣ እዚህ ቤት ሦስት ፌዝ አለ፤ አራተኛው እኔ ነኝ» ይለዋል። ጋሽ ሰዒድ በበኩላቸው ሥራ ሲጠብቅና ወሬ ሲበዛ አንድ ትእዛዝ ነበራቸው፤ «ፌዝ የለም!» ይላሉ፤ ዝም እንላለን።

ቃሉ በሥራ ትርጉሙ በደንብ የገባኝ ፖርት ቤል በሚባለው የሐይቅ ወደብ ነው። ሐይቁ ዳር ለዓሣ ነጋዴዎች በረዶ የሚሠራ አንድ ቤት ነበር። እኛ የጠቀለልነው ዲናሞ በሳምንቱ ተቃጥሎ ባለቤቱ ጠራን። ሰውየው ገና ከቦዳው፣ ከኪራይ ሞተሩ፣ ሳንወርድ ጀመረ።

«ሙዜ፣ አንተ ሽማግሌ፣ ሥራህ ይሄ ነው? በረዶዬ ውሃ ሆነ! ዓሣው ምን ይሁን?»

ጋሽ ሰዒድ ሰላምታ ሰጥተው ዲናሞውን ከፈቱ። ሁለቱ ክፍል ከስሏል፤ ሦስተኛው እኛ እንደጠቀለልነው ንጹሕ ነው። «ና እይ» አሉት። «ሥራችን መጥፎ ቢሆን አንድ ቦታ ነበር የሚያጥረው። ይህ በሁለት ፌዝ ሲሠራ ነው የኖረ። ሦስተኛው ጎድሎበታል።» ተያይዘን ወደ ሳጥኑ ሄድን። ከሦስቱ ፊውዞች አንዱ ተቃጥሏል። ሰውየው ፊውዙን አየና «ዛሬ ዓሣ ይዛችሁ ትሄዳላችሁ» አለ። ያሲን ዓሣውን በፌስታል ይዞ «አንድ ፌዝ ጎድሎት ይህን ያህል የተቆጣ፣ እኔ ባልኖር ጋሽ ሰዒድ ምን ሊሆኑ ነው?» እያለ እስከ ናኪቩቦ አሳቀን።

እንግዲህ የማይረሳኝ ቀን የመጣው ከዚያ ከዓመት በኋላ ነው። በፖርት ቤል መንገድ ላይ ማማ ጆይ የምትባል ሴት የበቆሎ ወፍጮ ነበራት፤ ፖሾ ለሚባለው ገንፎ የሚሆን ዱቄት ትፈጫለች። ትልቁን ዲናሞዋን ጠቅልለን ልንገጥምላት ሦስታችንም ሄድን። ወፍጮው ያለበት ክፍልና ዋናው ማጥፊያ ያለበት ክፍል በግድግዳ ይለያያሉ። ያሲን ወፍጮው ጋ፣ ጋሽ ሰዒድ ከግድግዳው ጀርባ፣ እኔ በሩ ላይ በሁለቱ መካከል ቆሜ ነበርኩ።

አስነሣነው። ድምፁ ያማረ ነው፤ ግን ወደ ኋላ ዞረ። ይህ ጥፋት አይደለም፤ ሦስት ፌዝ ያለው ዲናሞ በግምት ሲገጠም ወደ ፊትም ወደ ኋላም ለመዞር እኩል ዕድል አለው። መድኃኒቱም ቀላል ነው፤ አጥፍቶ ከሦስቱ ሽቦዎች ሁለቱን ማለዋወጥ። ያሲን የማቆሚያውን ቁልፍ ተጫነ፤ ዲናሞው ቆመ። ነገር ግን ሽቦዎቹ የሚለዋወጡበት ሳጥን ዋናው ማጥፊያ ካልወረደ ኤሌክትሪክ አለው። ጋሽ ሰዒድ እሱን ሊያወርዱ ከግድግዳው ጀርባ እየታገሉ ነበር፤ እጀታው በዱቄትና በዝገት ተጣብቆ አልወርድ ብሏቸዋል። እኛ ይህን አላየንም።

ያሲን ካቻቢቴውን ይዞ እየጠበቀ ዝም ማለት አቃተው። «መዲ» አለኝ፣ «ይህ ዲናሞ ለምን ወደ ኋላ እንደዞረ ታውቂያለሽ? አገሩ ናፍቆት ነው። ትንሽ ብንተወው እኔን ጅማ፣ አንቺን ኮምቦልቻ ያደርሰን ነበር። ያለ ፓስፖርት!»

ሳቅሁ። ማማ ጆይ ምን እንዳለ ጠየቀችኝ፤ ተረጎምኩላትና እሷም ሳቀች። በዚህ መሀል ከግድግዳው ጀርባ የጋሽ ሰዒድ ድምፅ መጣ፤

«ፌዝ የለም!»

እሳቸው ያሉት ቀልዱን ተዉ ነው። ያሲን የሰማው መብራቱ ጠፍቷል ነው። ካቻቢቴውን አስገባ።

ብልጭታው ክፍሉን ነጭ አደረገው። ያሲን ወደ ኋላ ወድቆ ቀኝ እጁን በግራው ይዞ ነበር። ጋሽ ሰዒድ እየሮጡ መጡ፤ ሲሮጡ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። በማማ ጆይ የጭነት መኪና ሐኪም ቤት ወሰድነው። እጁ ዳነ፤ ሁለት ጣቶቹ ግን ሊተርፉ አልቻሉም።

ሐኪም ቤት ደጅ ላይ ጋሽ ሰዒድ ደጋግመው የጠየቁኝ አንድ ነገር ነው። «መዲና፣ እኔ ምን አልኩ?»

«ፌዝ የለም አሉ።»

«ምን ማለቴ ነበር?»

«ቀልድ ተዉ።»

«እሱስ ምን ሰማ?»

ያረቢ፣ ምን ልበላቸው? ሁለቱም ልክ ነበሩ።

ያሲን ከሐኪም ቤት ሲወጣ ጋሽ ሰዒድን አልወቀሳቸውም። «አብሽሩ፣ ስምንቱ ይበቃኛል» አላቸው። እሳቸው ግን አልሳቁም። እሱም ከዚያ ወዲያ በፊታቸው ቀልዶ አያውቅም። ሌላ ቦታ አፉ ያው ነው፤ እሳቸው ባሉበት ግን «አዎ» እና «አይ» ብቻ። ካቻቢቴ መጨበጥ ስለከበደው ናኪቩቦ ውስጥ የኩሽኔታና የቺንጊያ መሸጫ ከፈተ። ጧት ጧት መጥቶ ሰላም ይላቸዋል፣ ጥቂት ይቀመጣል፣ ይሄዳል። ሁለት የሚዋደዱ ሰዎች እንደዚያ ተጠንቅቀው ሲነጋገሩ ማየት ከብልጭታው ይልቅ ያሳምማል።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በቤታችን ፌዝ የሚል ቃል አልተነገረም። ጋሽ ሰዒድ አልከለከሉም፤ እሳቸው ተዉት፣ እኔም ተውኩት። ሽቦዎቹን በቀለማቸው ጠራናቸው፤ ቀዩ፣ ቢጫው፣ ሰማያዊው። ሌላም ልማድ መጣ። «ጠፍቷል?» ብዬ ስጠይቃቸው ጋሽ ሰዒድ አይመልሱልኝም። ቴስተሩን አንሥተው ይሰጡኛል። ሁለት እግርና አንድ ትንሽ መብራት ያለው አሮጌ ቴስተር ነው። መጀመሪያ መብራት እንዳለው በምናውቀው ቦታ እሞክረዋለሁ፣ ቴስተሩ ራሱ ደህና መሆኑን ለማወቅ። ከዚያ የምነካውን ሽቦ እለካለሁ። ከዚያ ተመልሼ ያንኑ መጀመሪያ የሞከርኩትን። ይህን ሁሉ ሳደርግ አጠገቤ ቆመው ያዩኛል።

ዓመታት ሄዱ። የጋሽ ሰዒድ ዓይን ደከመ፤ ቀጭኑ ሽቦ አልታይ አላቸው። አንድ ቀን ቁጥር ጠፍቷቸው ሲፈቱ፣ እንደገና ጠፍቷቸው ሲፈቱ አይቼ «እኔ ልቁጠርልዎ» አልኳቸው። ስንጥሩን አስቀመጡ። በወሩ ቤቱን ለቀቁና ማኪንድዬ የሚባል ሰፈር ልጃቸው ዘንድ ገቡ። ዕቃቸውን በአንድ የብረት ሳጥን ቆልፈው ይዘው ሄዱ።

እኔ ሕንፃ ላይ መስመር ለሚዘረጋ አንድ ሥራ ተቋራጭ ተቀጠርኩ። ሰውየው ክፉ አልነበረም። ግን ወረቀት የሌለው ሰው ሳጥን እንዲከፍት አይፈቀድለትም፤ እውነቱን ነው። መሰላል ያዝኩ፣ ቱቦ ቆረጥኩ፣ ሽቦ ጎተትኩ። አንድ ቀን የተቃጠለ የውሃ መሳቢያ ዲናሞ ሊጥሉት ሲሉ «እኔ እጠቀልለዋለሁ» አልኩ። ሰውየው በቅንነት «መሥሪያ ቦታሽ የት ነው? በማን ስም? ማን ይፈርምልሻል?» አለኝ። የዚያን ዕለት ወደ ማኪንድዬ ወጣሁ።

«ጋሽ ሰዒድ፣ ቤቱን መልሼ ልክፈተው» አልኳቸው። «ያሲን ሱቁ አለው፣ ከጎኑ ባዶ ክፍል አለ። እሱ ደንበኛውንና ዕቃውን ይይዛል፣ እኔ እሠራለሁ። ሳጥኑን ይስጡኝ።»

«ተምረሽ ነይ» አሉ።

«እርስዎ አስተማሩኝ እኮ።»

«እኔ ዲናሞ አስተማርኩሽ። ሰው ስለ መጠበቅ የማውቀው ጣት ከጠፋ በኋላ የመጣልኝን ነው። ከእኔ በፊት ያሰቡበት ሰዎች አሉ። ከእነሱ ተምረሽ፣ የሚፈርም ወረቀት ይዘሽ ነይ። አንደኛውን ዓመት እለፊና ዕቃ መውሰድ ትጀምሪያለሽ።» እንደዚያ ነው ኮሌጅ የገባሁት።

ኮሌጁ እንዳሰብኩት አልነበረም። ዲናሞ እስክናይ ብዙ ቆየን። መጀመሪያ አንድ ቁራጭ ብረት ሞርሳ ላይ አስረው ሞረድ ሰጡን፤ አራት ማዕዘን እስኪሆን መሞረድ። ልጆቹ አጉረመረሙ። እኔ ደስ አለኝ፤ እጄ የሚያውቀው ነገር ነው። ሥዕልና ሒሳብ ግን አንገዳገዱኝ። አጠገቤ የምትቀመጠው ሻሮን የምትባል ልጅ ናት፤ ሒሳብ እንደ ዘፈን ይገባታል። እኔ ሞረድ አያያዝ አሳየኋት፣ እሷ ቀመር ታሳየኛለች። «አንቲ፣ ፊደሉን አትፍሪው፣ የቁጥር ወንበር ነው» ትለኛለች።

አንድ ቀን የኤሌክትሪክ መምህራችን ሚስተር ኦኬሎ ሦስቱን መስመሮች በሰሌዳው ላይ ሳሉና አንዱን አጠፉት። ምን እንደሚሆን አሰሉ። የቀሩት ሁለቱ የጠፋውንም ጭነት ሲሸከሙ ቁጥሩ እንዴት እንደሚያድግ ከፊቴ ታየ። የፖርት ቤሉ ዲናሞ ነው! ጥቁረቱን ለዓመታት አውቀዋለሁ፣ ለምን እንደሆነ ግን ያን ቀን ነው ያወቅኩት። «ሰር፣ ይህን አይቼዋለሁ» ብዬ እጅ አወጣሁ፤ ድምፄ ከፍ ብሎ ኖሮ ክፍሉ ዞሮ አየኝ።

በሌላ ቀን ደግሞ ከኪሳቸው አንድ ትንሽ ቀይ ቁልፍ፣ የሻንጣ ቁልፍ የሚያህል፣ አወጡ። «ማጥፊያውን ካወረዳችሁ በኋላ እንዳይመለስ በዚህ ትቆልፉታላችሁ» አሉ። «መክፈቻው አንድ ነው፤ እሱም በሚሠራው ሰው ኪስ ውስጥ ይሆናል። ከሌላ ክፍል የሚመጣ ድምፅ አትሰሙም። መክፈቻው ኪሴ ውስጥ ከሌለ መብራት አለ ማለት ነው።» ፈቃድ ጠይቄ ወጣሁ። ኮሪደሩ ላይ ቆሜ የያሲንን እጅ አሰብኩ። ቁልፏ በማንኛውም ሱቅ ትገኛለች፤ ከአንድ ሮሌክስ፣ በቻፓቲ ከተጠቀለለ እንቁላል፣ ብዙም አትወደድም። ከትምህርት ስወጣ ገዛሁ።

የዓመቱ የተግባር ፈተና ደረሰ። ይህን ያላለፈ ወደ ሁለተኛ ዓመት አይገባም፤ ሌላው ማርኩ ምንም ቢሆን። ሁለት ሁለት ሆነን ገባን፤ እኔ ከሻሮን ጋር ነኝ። ጠረጴዛው ላይ ዲናሞ ከነሳጥኑ አለ። ወረቀቱን አነበብኩ፤ ዲናሞው ወደ ኋላ ይዞራል፣ አቅጣጫውን አስተካክሉ፣ ሽቦዎቹን አስራችሁ ክዳኑን ግጠሙ ይላል።

ያው የማማ ጆይ ወፍጮ ሥራ ነው። ሻሮን ግን «አንቲ፣ ይሄማ የሁለት ሽቦ ሥራ ነው!» አለች ደስ ብሏት።

ሚስተር ኦኬሎ በየጠረጴዛው እየዞሩ ነበር። የእኛን ማጥፊያ ራሳቸው አወረዱና «አጥፍቼዋለሁ፤ ጀምሩ» አሉ። ቀይዋን ቁልፌን አውጥቼ ማጥፊያው ላይ ቆለፍኩ፣ መክፈቻውን ኪሴ ጨመርኩ። ቴስተር ስፈልግ ጠረጴዛችን ላይ የለም። ለክፍሉ የነበሩት ሁለት ብቻ ናቸው፣ ሁለቱም ሌሎች እጅ ላይ። ቆምኩ።

ሻሮን ካቻቢቴውን አነሣች። «አትንኪ» አልኳት።

«አንቲ፣ እሳቸው ራሳቸው አጠፉት እኮ! ተቆልፏልም። ሰዓቱ እየሄደ ነው።»

«አየሁ። ግን አልለካነውም።»

ሚስተር ኦኬሎ ተመለሱ። «ምን ትጠብቃላችሁ?»

«ቴስተር፣ ሰር።»

«አጥፍቼዋለሁ አላልኩም?»

«ብለዋል፣ ሰር።»

«ታዲያ አላመንሽኝም?»

ያኔ ጠባዬ «ይቅርታ ሰር፣ አሁኑኑ እንጀምራለን» በይ በይ አለኝ። መምህር ማስቀየም አልችልም፤ በሕይወቴ ሙሉ ሰው ከሚቆጣኝ እኔ ብጎዳ የምመርጥ ሰው ነኝ። ግን ካቻቢቴውን የያዘችው ሻሮን ናት። ጣቶቿ ጥፍር ቀለም የተቀቡ፣ አሥሩም ያሉ ናቸው።

«አምኜዎታለሁ፣ ሰር። ግን ቴስተሩን እጠብቃለሁ» አልኩ።

አንድ ነገር ጻፉና አለፉ። ሻሮን ካቻቢቴውን አስቀምጣ ወደ ግድግዳው ሰዓት ማየት ጀመረች። ቴስተሩ ሲመጣ መብራት ባለው ሶኬት ሞከርኩት፣ ሽቦዎቹን ለካሁ፣ መልሼ ሶኬቱን ሞከርኩ። ሽቦዎቹ ምንም የላቸውም። ሚስተር ኦኬሎ እንዳሉት ጠፍቷል። ለሻሮን ራሷ እንድትለካ ቴስተሩን ዘረጋሁላት፤ ተነፈሰችና ለካች። ከዚያ ሠራን። ሁለቱን ሽቦ አለዋወጥን፣ ቁልፌን ፈትቼ አስነሣን፣ ዲናሞው ወደ ፊት ዞረ። መልሼ አጥፍቼ ቆልፌ ክዳኑን እየገጠምን ሳለ ሰዓቱ አለቀ፤ የመጨረሻዎቹ ቡሎኖች ጠረጴዛው ላይ ቀሩ።

ውጤቱ እስኪለጠፍ ሻሮን በእኔ ተቆጥታ ይሁን ፈርታ ብዙ አላናገረችኝም። ሲለጠፍ ግን ሮጣ የመጣችው እሷ ናት። «አንቲ! አልፈናል!» ባልጨረስነው ማርክ ተቆርጦብናል፤ ከክፍሉ ወደ ታች ነን፤ ግን አልፈናል። ሚስተር ኦኬሎን ኮሪደር ላይ አገኘኋቸውና ይቅርታ ልጠይቃቸው አፌን ስከፍት ቀደሙኝ። «ሥራሽ ዝግ ይላል፣ መዲና» አሉ። «ሁለተኛ ዓመት የራስሽን ቴስተር ይዘሽ ነይ፤ የሰው አትጠብቂ።»

በያሲን ሱቅ አለፍኩና አስዘጋሁት። በቦዳ ተሳፍረን ማኪንድዬ ወጣን። ጋሽ ሰዒድ በረንዳ ላይ ነበሩ፤ ድምፃችንን ሰምተው ነው ያወቁን።

«ጋሽ ሰዒድ፣ አለፍኩ።»

«አለፍኩ ማለት?»

«አንደኛውን ዓመት። የተግባሩንም።»

ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩ። «መዲና፣ በሽማግሌ አይሾፍም።»

«ወላሂ ጋሽ ሰዒድ፣ ፌዝ የለም!»

ከአፌ ካመለጠኝ በኋላ ነው የሰማሁት። የጋሽ ሰዒድ እጅ ወንበሩን ጨበጠ። ያሲን ወደ ቀኝ እጁ አየ፣ ወደ እኔ አየ፣ ከዚያ ረጋ ብሎ

«ለክተሻል?» አለኝ።

ጋሽ ሰዒድ መጀመሪያ ድምፅ አልነበራቸውም። ትከሻቸው ሲነቃነቅ አለቀሱ ብዬ ልነሣ ነበር። እየሳቁ ነው። ሳቁ እስኪያስላቸው፣ ልጃቸው ምን ሆናችሁ ብላ እስክትወጣ። ያሲን አጠገባቸው ተቀምጦ ጉልበታቸውን ይዞ ነበር። ሳቁ ሲለቃቸው ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠርገው «ሳጥኑን አምጪው» አሏት።

ሳጥኑ ተከፈተ። በእጃቸው ፈልገው አሮጌውን ቴስተር አወጡና ለእኔ አልሰጡኝም፤ ለያሲን ዘረጉለት። «ብዙ ተቀምጧል። ደህና መሆኑን እይላት» አሉት።

ያሲን ቴስተሩን በሦስቱ ጣቶቹ ያዘ። ወደ ሳሎን ገብቶ ከቴሌቪዥኑ ሥር ባለው ማከፋፈያ ላይ ሁለቱን እግሮች አስገባ። ትንሿ መብራት በራች።

«ፌዝ አለ» አለን።